የጥሩወርቅ ሽቦና የእኔ «የለም»

በእኔ አፍ ውስጥ የቀሩት ጥርሶች አምስት ናቸው። እነሱም ተኳርፈዋል፤ ሁለቱ ወደ ማሻ መንገድ፣ ሦስቱ ወደ ሚዛን መንገድ ዞረው ነው የሚኖሩት። እንዲህ ያለች አሮጊት «ስለ ጥርስ ማቃናት ላውጋችሁ» ስትል ሳቅ ቢመጣባችሁ አልቀየምም። ሳቁ። ብቻ ስትስቁ አፋችሁን በእጃችሁ ሸፈን አድርጉት። አፍ ደጃፍ ነው፤ ክፍቱን ከዋለ ማን እንደገባበት የሚታወቀው ዕቃ ሲጠፋ ነው።

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እኔ ሁሉን የማውቀው ዘግይቼ ነው። ፊደል እንኳ የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ዐይኔ «ሀ»ን ከ«ሁ» መለየት በተወበት ዕድሜ። አስተማሪያችን ገና ልጅ ነበረች፤ ስሳሳት «እማማ፣ ተንበርከኪ ልልሽ ነበር፤ ግን ኋላ ማን ያነሳሻል?» ትለኛለች። ይሁን። ወደ ጥርሱ።

ወደ ጥርሱ ለመድረስ ግን በወረቀት በኩል ማለፍ ግድ ነው።

ከማሻ ወደ ቴፒ የወረድኩት ሴት ልጄ ሞታ፣ የአራት ዓመት ልጇን ጥሩወርቅን ላሳድግ ነው። ወንዱን ልጄን ታደሰን ማሻ ከቀፎዎቹ ጋር ተውኩት። ታደሰ ከሰው ይልቅ ከንብ ጋር የሚግባባ ነው፤ ንብ ነድፋው «አይዞሽ፣ አንቺም ፈርተሽ ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ። እኔ ቴፒ በገባሁ በሳምንቱ አንድ የቀበሌ ሰው ወረቀት ይዞ ደጃፌ ላይ ቆመ።

ያን ጊዜ ወረቀት የያዘ ሰው ማለት ምን እንደነበር ለማያውቅ ልንገር። ወረቀት የያዘ ሰው «አለ?» ብሎ ሲጠይቅ «አለ» ያልክ እንደሆነ፣ ያ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ አይኖርህም። ጎረቤቴ አስካለ «ትርፍ ክፍል አለ?» ሲሏት «አለ» ብላ ሁለት ካድሬ አስተኛች፤ ማንኮራፋታቸው እስከ እኔ ቤት ይሰማል። ባሏ ደግሞ «ድምፅ አለህ?» ሲባል በኩራት «አለኝ እንጂ!» ብሎ ኪነት ቡድን ገባ፤ በስተርጅናው እስክስታ ሲመታ ወገቡ እዚያው መድረክ ላይ ቀረ። እኔ ይህን ሁሉ ቀድሜ ሰምቼ ነበርና አፌን አዘጋጅቼ ጠበቅሁት።

«ትርፍ ክፍል?»

«የለም።»

«ራዲዮ?»

«የለም።»

«ወንድ ልጅ?»

እዚህ ላይ ምላሴ ትንሽ ተደናቀፈች። ወንድ ልጅ አለ ማለት ለጦር ሜዳ አለ ማለት ነበር። «የለም» አልኩ። ጻፈ። ሰማይ አልተደረመሰም። ቴፒ ደግሞ የማሻውን ታደሰን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲያ «የለም» የምትባለው ቃል ከአጥር ትጠነክራለች ብዬ አመንኩ።

ጥሩወርቅንም አጎቷን «የማሻው ሰውዬ» እያለች እንድትጠራው አስተማርኳት። ታደሰ ማር ይዞ ሲመጣ «እምዬ፣ የማሻው ሰውዬ መጣ!» እያለች ትሮጣለች። እሱም በር ላይ ቆሞ፣ «የቤቱ ባለቤቶች፣ እንግዳ ታሳድራላችሁ?» ይላል እየሳቀ። ዐይን ዐይኑን ሳላይ ማሩን እቀበለዋለሁ። የማር ነገር አይጣል፤ ጣፋጭ ነው፣ ሰው አፉን ሞልቶ ሌላውን ይረሳል።

ጥሩወርቅ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ጉሮሮዋን አመማት። ከዚያ ጉልበቷ አበጠ፤ ጉልበቷ ሲሻል ክርኗ፣ ክርኗ ሲሻል ቁርጭምጭሚቷ። ሕመሙ ዘመድ ጥየቃ የወጣ ይመስል ቤት ለቤት ይዞራል። በመጨረሻ ትንፋሿ ማጠር ጀመረ። ታደሰ ደርሶ ጅማ ወሰዳት። ሲመለሱ አንድ ካርድ ይዘው መጡ። አስቀምጦ ነገረኝ።

«እናቴ፣ ልቧ ውስጥ እንደ በር የምትከፈትና የምትዘጋ ነገር አለች አሉኝ። ሕመሙ እሷን አበላሽቷታል፤ ገጥማ አትዘጋም። በየወሩ መርፌ አለ። ደግሞ ይህን በደንብ ስሚኝ፤ ጥርሷን ሊነካ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይህን ካርድ ይይ። ድዷ ከደማ የአፍ ቆሻሻ በደም ገብቶ ሄዶ እዚያች በር ላይ ይሰፍራል። አስቀድማ መድኃኒት መዋጥ አለባት።»

«ጥርስና ልብን ደግሞ ምን ያገናኛቸዋል?» አልኩት።

«ደም ነዋ። እኔንና አንቺን የሚያገናኘን። እሱም ወረቀት ላይ ካልሰፈረ አይታይም» አለኝ።

ካርዱን ገልብጬ እየቆጠርኩ አነበብኩት። ከታች «ያመጣት፦ አጎቷ ታደሰ፣ ከማሻ» ይላል። ከላይ የእሷ በሽታ፣ ከታች የእኔ ውሸት፤ በአንድ ወረቀት ላይ። ታደሰ ሰጥቶኝ ግድግዳዬ ላይ በሰቀልኩት አሮጌ ቀፎ ውስጥ ሸሸግሁት።

የወሩን መርፌ ለማስወጋት ማሻ ድረስ የሚወስዳት ታደሰ ነበር፤ አንድ ዓመት ተመላለሰ። ከዚያ በየኬላው ጎረምሳ መልቀም ሲጀመር «አትምጣ» አልኩት። መርፌውም ከእሱ ጋር ቀረ። ልጅቷ ግን ወፈረች፣ ማንጎ ዛፍ ላይ ወጣች፣ ከማንጎ ዛፍ ላይ ወደቀች። ዛፍ ላይ የሚወጣ ልብ ታሟል ብሎ ማን ያምናል?

አሥራ አራት ሲሞላት ጥርሷ አስቸገረ። የላይኞቹ ወደ ፊት ወጡ። የትምህርት ቤት ልጆች «ጥርሷ ደርሷል፤ ጥሩወርቅ እየመጣች ነው!» ይሏታል። እሷም አፏን በእጇ መሸፈን ለመደች። ክፋቱ፣ ከዚያ አፍ የሚወጣው ድምፅ ሌላ ነው። ስትዘፍን ቡና ለቃሚዎች ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ይሰማሉ፤ አለቃቸውም አብሮ ቆሞ ይሰማና ዘፈኑ ሲያልቅ «ማን ሥራ አቁሙ አላችሁ?» ይላቸዋል።

ይህን የሰማ አዲሱ የቀበሌ ሊቀመንበር ቤቴ መጣ። ወረቀት አልያዘም፤ ስለዚህ ወንበር ሰጠሁት።

«እማማ፣ የልጅቷ ድምፅ ወርቅ ነው» አለ። «ለአብዮት በዓል ከፊት ላቆማት ብል እንግዶቹ ጥርሷን ሲያዩ ዘፈኑን አይሰሙም። ከኋላ ባቆማት ደግሞ ድምፁ የማን እንደሆነ አይታወቅም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«ከወዳጅ አገር የጥርስ ሐኪም መጥቷል። የመንግሥት ቡና እርሻው ክሊኒክ ነው ያለው። የተማረው ጥርስ ማቃናት ነው አሉ።»

እውነትም ምስኪኑ ሰው የተማረው ማቃናት ነበር። ቴፒ የሚፈልገው ደግሞ ማስነቀል። ከመጣ ጀምሮ ሲነቅል ነው የከረመው። ገጣጣ ልጅ አለች ሲሉት በደስታ እጆቹን አፋተገ ተባለ።

«እምዬ» አለችኝ ጥሩወርቅ፣ «አንድ ጊዜ አፌን ሳልሸፍን ልዝፈን። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ካርዱ ትዝ አላለኝም ብል ቀፎው ይታዘበኛል። ትዝ ብሎኛል። ሐኪሙን ብቻውን ሳገኝ በጆሮው እነግረዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። በየትኛው ቋንቋ እንደምነግረው ግን አላሰብኩም። ክሊኒኩ ስንደርስ ሐኪሙ ብቻውን አልነበረም፤ የሚተረጉምለት የክሊኒኩ ጸሐፊ አለ፤ ሊቀመንበሩም «ልጃችን ናት» ብሎ ከኋላዬ ቆሟል። ጸሐፊው መሳቢያውን ሳበ። ምን አወጣ? ወረቀት።

«የሳንባ ነቀርሳ?»

«የለም።»

«የሚጥል በሽታ?»

«የለም።»

ሐኪሙ ራሱ ብድግ አለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መታ መታ አደረገና አንድ ነገር ተናገረ። ጸሐፊው «የልብ ሕመም አለባት ወይ ይላል። ደግማችሁ ጠይቁልኝ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው ይላል» አለኝ።

የሊቀመንበሩ ጫማ ከኋላዬ ሲጥ አለ። «አለባት» ብል «ማን ነገረሽ?» ይመጣል። «ማን ነገረሽ?» «ማን ወሰዳት?»ን ይጎትታል። በዚያ ክር መጨረሻ ላይ ልጄ ቀፎውን አቅፎ ቆሟል።

«የለም» አልኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት።»

ጥሩወርቅ ዞር ብላ አየችኝ። አጎቷን «ሰውዬ» እያለች ያደገች ልጅ ናት፤ መካድ የተማረችው ከእኔ ነው። አፏን ከፈተችለት።

ሐኪሙ በመንጋጋ ጥርሶቿ መካከል ቀለበት እየገፋ አስገባ፤ ድዷ ደማ፤ ጥጥ ተደረገ። ከዚያ ሽቦ ከጥርስ ወደ ጥርስ ተዘረጋ። ስትወጣ አፏ የቡና ችግኝ ጣቢያ አጥር ይመስላል። ቴፒ ሁሉ ሊያይ መጣ። አስካለ አፏ ውስጥ አንገቷን አስግጋ አይታ፣ «ከብት እንዳይገባ ነው?» አለች። ባሏ ደግሞ ከተኛበት ሆኖ፣ «ዝም በሉ፣ ያ ሽቦ የውጭ ጣቢያ ይይዛል አሉ» አለ። ይህች ቀልድ ሦስት ቤት ዞራ ስትመለስ ቀልድ መሆኗ ቀርቶ ነበር፤ አንድ ካድሬ መጥቶ ጆሮውን ጉንጯ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። «ምንም አይሰማም» ብሎ ሄደ። ያኔ ስቄ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ያ ሰው ጆሮውን ወደ ደረቷ ትንሽ ዝቅ ቢያደርገው ኖሮ የሚሰማው ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ መፋቂያ በሽቦው መካከል አልገባ አለ። ቆሎ ቀረ፤ ጎደሬ ተቀቅሎ ተላቆጠላት። ድዷ አብጦ በየጠዋቱ ይደማል። ሐኪሙ በየጊዜው እየጠራ ሽቦውን ያጠብቃል፤ እሷ በየጊዜው መስታወት አይታ «እምዬ፣ ገብቷል! ትንሽ ገብቷል!» ትላለች። እውነትም ጥርሱ እየገባ ነበር። ሌላም ነገር እየገባ ነበር። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ አባቶች። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ የተገባው በእሷ አፍ ነው፤ የገባውም ከዝንብ እጅግ ያንሳል።

መጀመሪያ ትኩሳት ሆነ። ቴፒ ውስጥ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው፤ ዶሮም ቢያተኩሳት ወባ ነው። ክሎሮኪን ዋጠች፤ ገላዋን እያከከች ሰነበተች፤ ሻል አላት፤ ተመለሰ። እንደገና ክሎሮኪን። አስካለ ዳማከሴ ጨምቃ መጣች፣ ሌላዋ ፌጦ አቀረበች። ትኩሳቱ ግን መድኃኒት ሁሉ እንደማይመለከተው ትልቅ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጧል። ልጅቷ ከሳች። ላብ ሌሊት ልብሷን ያርሰዋል። አንድ ጠዋት እጇን ዘርግታ «እምዬ፣ ጣቴን እሾህ ወጋኝ መሰለኝ» አለችኝ። ባየው እሾህ የለም፤ የጣቷ ጫፍ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለ፤ ጥፍሯም ሥር እንደ ስንጥር ያለ የደም መስመር።

የሽቦው ባለቤት ዘንድ ሮጥኩ። «ጊዜው አልቆ ወደ አገሩ ገባ» አሉኝ። አጥሩን አጥሮ፣ ቁልፉን ይዞ ሄደ ማለት ነው። በእሱስ አልፈርድም፤ ደረቱን እየመታ ጠይቆኛል።

ሊቀመንበሩ ያን ቀን ሰው ሆነ። እርሻው ድረስ ሄዶ የጭነት መኪና ለምኖ አመጣ። ጋቢና ያለውን የራሱን ቦታ ለጥሩወርቅ ለቀቀ፤ እሱ ከእኔ ጋር ከላይ፣ ከጆንያው ጋር ተሳፈረ። ሚዛን ሆስፒታል እስክንደርስ በጭቃው ስንናጥ እንዳልወድቅ ክንዴን ይዞ፣ «አይዞሽ እማማ፣ ትዘፍናለች» ይለኝ ነበር። ከመውጣታችን በፊት ያን ካርድ ከቀፎው መንትፌ፣ ሳልገልጠው በመቀነቴ ቋጥሬ ነበር። ለምን እንደያዝኩት አልነግራችሁም፤ እኔም አላውቀውም።

ሚዛን ያየን ሐኪም ወጣት፣ የአገር ልጅ፣ እንቅልፍ ያጣ ነበር። ደረቷን አዳመጠ። እንደገና አዳመጠ። ጣቶቿን አየ። ሽቦውን አየ።

«እናቴ፣ ከዚህ በፊት የልብ ሕመም ነበረባት?»

ሊቀመንበሩ አጠገቤ ቆሟል። ሐኪሙ ብዕር ይዟል። ከብዕሩ ሥር ደግሞ… መቼም ገብቷችኋል።

«የለም» አለ አፌ። እኔ አይደለሁም። አፌ ለምዶት ነው፤ ጅብ ያሳደደው በቅሎ መንገዱን እንደማይጠይቅ።

ሐኪሙ ተነፈሰ። «እንግዲያው ኪኒን እንጀምርላት። ምናልባት የወባው ዓይነት…» ብሎ መጻፍ ጀመረ።

ያኔ ጥሩወርቅ ከአልጋው ላይ፣ በትንፋሽ እጥረት መካከል፣ «እምዬ» አለችኝ። «የማሻው ሰውዬ… ያለሽን… ንገሪው።»

ሞት አፋፍ ላይ ሆና እንኳ አጎቴ አላለችም። ያስተማርኳትን አልረሳችም። እኔ በሕይወቴ ብዙ አፍሬአለሁ፤ የዚያን ቀን ያህል ግን ምድር ብትውጠኝ ብዬ አላውቅም።

መቀነቴን ፈታሁ። ካርዱን ሰጠሁት። ሐኪሙ ገልጦ ወደ መስኮቱ አዞረው፤ ብርሃን በመካከሉ አለፈ። ምስጥ በልቶታል። ከላይ ያለውን፣ በሽታውን፣ መድኃኒቱን፣ ማስጠንቀቂያውን አንድ ፊደል ሳያስቀር ግጦታል። ከታች ያለውን አልነካውም።

«‹ያመጣት፦ አጎቷ ታደሰ፣ ከማሻ›» ብሎ ሐኪሙ ጮክ ብሎ አነበበ። «የቀረው ይህ ብቻ ነው። ታደሰ ማነው፣ እናቴ?»

«ታደሰ ማነው?» አለ ሊቀመንበሩም።

አንድ ጥያቄ ከሁለት አፍ። አንዱ ሊያድን ይጠይቃል፣ አንዱ ሊወስድ። መልሱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው መንፈግ አይቻልም። ምስጡን በልቤ «አንተም የቀበሌ አባል ነህ ለካ» አልኩት።

«ልጄ ነው» አልኩ።

ከዚያ ታደሰ ያለኝን ከጉሮሮ ሕመሟ ጀምሮ፣ በሯን፣ መርፌዋን፣ የድዱን ደም፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ፊደል ዘግይቶ የቆጠረ ሰው ቃል ይይዛል። ሐኪሙ ወረቀቱን ቀደደና አዲስ ጀመረ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም፣ እናቴ?» አለኝ፤ በቁጣ ሳይሆን በድካም። «ከአፏ በደም የገባው ልቧ ላይ ሰፍሯል። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ እኔም ምንም ላደርግ አልችልም ነበር።»

ስድስት ሳምንት ፔኒሲሊን በደም ሥሯ ተሰጣት። ሽቦውን የሚፈታ የጥርስ ሐኪም ሚዛን ስላልነበረ፣ መድኃኒቱ በደሟ ከገባ በኋላ፣ የመኪናችን ሾፌር የተቀቀለች ፒንሳ ይዞ ከሐኪሙ ጎን ቆሞ ቆረጠላት። «ከካርቡራተር ይብሳል» አለ ላቡን እየጠረገ። ጥሩወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ አፏን ሳትሸፍን።

ሊቀመንበሩ በሦስተኛው ሳምንት ልጠይቃት ብሎ መጣ። ሙዝ ይዟል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ሲያዞር ቆየ።

«እማማ» አለኝ ኋላ፣ «የጦር ሜዳ ኮታዬ አንድ ሰው ጎድሎት ነበር።»

«አወቅሁ፣ ልጄ።»

«ከማሻ ትናንት አመጡት። በሰላም ነው የመጣው። ‹ልጅቷ ዳነች?› አለኝ። ድናለች አልኩት። ‹እንግዲያው ምንም አይደል› አለ።»

ሙዙን ጥሩወርቅ በላች። እኔ አልቻልኩም፤ ለሙዝ ጥርስ አያስፈልግም ነበር።

ጥሩወርቅ ከፊት ቆማ አልዘፈነችም። የመድረኩን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ያልቃል፤ ያቺ በር ከድሮውም የባሰ ሰንፋለች። ጥርሶቿም አጥሩ ሲፈርስ እያንዳንዳቸው ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ። ግን አለች። በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ታዜማለች፤ ሁለት መስመር ትልና ታርፋለች፣ ሁለት መስመር ትልና ታርፋለች። ታደሰ ከሄደበት አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ቀፎዎቹን ማን እንደያዛቸው ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ ሌላ አልመጣም። ከእሱ ጋር ከሄዱት ጥቂቶቹ ተመልሰዋል፤ ጠየቅኋቸው፤ ዐይናቸውን ወደ ጫማቸው አደረጉ።

አሁን በየወሩ ለመርፌዋ ሚዛን እወስዳታለሁ። እዚያ በር ላይ አንዲት ጸሐፊ አለች፤ በየጊዜው አዲስ ቅጽ ትሞላለች። እኔ ሳልጠየቅ ልቧን እነግራለሁ፣ ጥርሷን እነግራለሁ፣ ሽቦውን እነግራለሁ፤ «እማማ፣ ቀስ በይልኝ» እስክትለኝ ድረስ። ከዚያ በቅጹ ላይ ወደ ታች ትወርድና የቤተሰቡን ትጠይቀኛለች።

«ወንድ ልጅ?»

ሲኖረኝ የለም አልኩ። ዛሬ ቀና ብዬ «አለኝ» እላታለሁ፤ እሷም ትጽፈዋለች።